ጭሱ ምን ቀለም ነው? የቆየ ተንደር ላላቸው አንባቢዎች



በዚህ ዓምድ ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ቢቱሕ ሌኡሚና ስለ ልጆቻችን ትምህርት ስንነጋገር ቆይተናል። የዛሬው ርዕሳችን ግን ተንደር ነው፤ ይኸውም ዕድሜው የገፋ፣ በናፍታ የሚሠራ፣ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም የሚንቀጠቀጥና ከኋላው ጭስ የሚተፋ ፒካፕ መኪና። «የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛን ስለ ሞተር ምን አገባት?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን በከተማችን በፔታሕ ቲክቫ በአትክልት ሥራ፣ በሺፑጺም፣ በጽዳትና ዕቃ በማመላለስ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችን በርካታ ሲሆኑ፣ ተንደሩ የቆመ ዕለት የእነርሱም ገቢ ይቆማል። ስለ ዕዳ ሊያማክሩኝ ከሚመጡት መካከል የዕዳቸው መነሻ የሙሳኽ ሒሳብ የሆነባቸውን ደጋግሜ አግኝቻለሁ።

ከእነዚህ የአንዱን አባወራ ታሪክ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጬ ላካፍላችሁ። መኪናው በ2004 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራ ኢሱዙ ነው። በክረምቱ ወራት ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ መስተዋቶቹ እስኪርገበገቡ ድረስ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲነሳም ከኋላ ያሉት ሹፌሮች ጥሩምባ እስኪነፉበት ድረስ ያጨሳል። ወደ አንድ ሙሳኽ ወሰደውና ማዝሬኪሙ፣ ማለት ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ክፍሎች፣ ተቀየሩለት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ መኪናው ያው ሆነ። ሌላ ሙሳኽ ደግሞ የናፍታውን ፓምፕ አስወርዶ አሳደሰ፤ አሁንም ያው ነው። በሦስተኛው ቦታ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ፣ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭም በጥላሸት ተለጥፎ ተገኘ። ማጣሪያው ተለወጠ፣ ቫልቩ ተጠረገ፣ ሞተሩም ጸጥ አለ። የፊልተር ዋጋ በአሥሮች የሚቆጠር ሼቄል ሲሆን፣ ያለ ጥቅም የታደሰው ፓምፕና ማዝሬኪሙ ግን በሺዎች የሚቆጠር ነው። ይኸው እስከ ዛሬ በየወሩ ከባንክ ሒሳቡ ይቆረጣል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስቱንም ጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ የሄደው ከትምህርት ቤት የቀረው የ14 ዓመት ልጁ ነበር። የልጁ ዕብራይስጥ እንደ ውኃ የሚፈስ ነው፤ ስለ ሞተር ግን በዕብራይስጥም ሆነ በአማርኛ የሚያውቀው የለም። ሜካኒኩ «ጭሱ ምን ዓይነት ነው? መቼ መቼ ነው የሚያጨሰው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጁ ለአባቱ «ጭስ አለው ወይ ይላል» ብሎ ተረጎመ። አባትም «አለው» አለ። ማዝሬኪሙ የተቀየሩት በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። እኔም በበኩሌ የጭሱን ቀለም ስጠይቀው፣ «እህቴ፣ ጭስ ጭስ ነው እንጂ ምን ቀለም አለው!» ሲል መለሰልኝ።

ጭስ ቀለም አለው። ጥቁር፣ ሰማያዊና ነጭ ጭስ የሦስት የተለያዩ በሽታዎች ምልክት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ያስረዱኝ መጀመሪያ በጎንደር ጋራዥ፣ በኋላም እዚህ በሴጉላ የኢንዱስትሪ ሰፈር ለረጅም ዓመታት በሙያው የኖሩ አንድ የማኅበረሰባችን ሜካኒክ ናቸው። ዓላማው መኪናችሁን ራሳችሁ እንድትፈቱት አይደለም። ወደ ሙሳኽ ከመሄዳችሁ በፊት በሽታውን በራሳችሁ አንደበት መናገር እንድትችሉ ነው።

በቅድሚያ የናፍታ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር እሳት የሚያገኘው ከካንዴላ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1890ዎቹ የሠራው ሞተር ግን የእሳት ካንዴላ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን አፍኖ ይጨምቀዋል፤ አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍታው እንደ ጉም ተረጭቶ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለሆነም ሞተሩ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ በቂ አየር፣ በደንብ የተረጨ ናፍታና ጠንካራ ጭመቃ። የጭሱ ቀለም ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ፣ አንዳንድ ጊዜም የማይገባ ነገር እንደገባ ይነግረናል።

ጥቁር ጭስ (በዕብራይስጥ አሻን ሻሖር) ናፍታው ከአየሩ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ያልተቃጠለው ትርፍ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ነዳጅ ሲረገጥና ጭነት ሲበዛ ነው። እዚህ ላይ ሜካኒኩ ደስ የሚል ነገር አጫወቱኝ። በአገራችን ከዛሪማ ወደ ደባርቅ የሊማሊሞን ዳገት የሚወጡት የጭነት መኪናዎች ጥቁር ጭስ ሲለቁ ያየ ሰው ሁሉ «የናፍታ መኪና ጠባዩ ይህ ነው» ብሎ ያምናል። ነገር ግን ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በተለይ ቱርቦ የሌለው ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ያንሳል። ፓምፑ ያንኑ ያህል ናፍታ ከሰጠው ማጨሱ አይቀርም። ፔታሕ ቲክቫ ግን ዝቅተኛው ሜዳ ላይ ናት፤ አየር ሞልቷል። እዚህ ያለማቋረጥ ጥቁር የሚያጨስ ተንደር በዳገት ማመካኘት አይችልም።

ታዲያ መጀመሪያ የሚታየው ርካሹ ነገር ነው፤ እርሱም የአየር ማጣሪያው (ማስነን አቪር) ነው። በግንባታ ቦታና በአትክልት ሥራ የሚውል መኪና ማጣሪያው ከሌላው ቶሎ ይደፈናል። የማጣሪያውን ቤት ክዳን ከፍቶ ማየት ለማንም የሚያስቸግር አይደለም። ቀጥሎ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ማሰሪያው ላልቶ እንደሆነ ይታያል። አየሩ በስንጥቁ ሲያመልጥ መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ጭሱም ይጠቁራል፤ ሲነዳ ፊሽካ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ሦስተኛው ከላይ በታሪኩ የጠቀስነው ቫልቭ ነው፤ ሜካኒኮቹ ኢጂአር ይሉታል። ሥራው ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ መመለስ ሲሆን፣ ይኸውም ለአየር ብክለት ቅነሳ ታስቦ ነው። በጥላሸት ተለጥፎ ሳይዘጋ ከቀረ ግን ሞተሩ ንጹሕ አየር በሚሻበት ሰዓት የራሱን ጭስ ይተነፍሳል። ጥቁር ጭስና ቆሞ ሲሠራ መንቀጥቀጥ አንድ ላይ የመጡ እንደሆነ ይህን ቫልቭ መጠርጠር ተገቢ ነው። እነዚህ ሁሉ ታይተው ደህና ከሆኑ በኋላ ነው ወደ ማዝሬኪምና ወደ ፓምፕ የሚኬደው።

ሰማያዊ ጭስ (አሻን ካሖል) ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥያቄው ዘይቱ በየት በኩል ገባ የሚለው ሲሆን፣ እርሱን የሚነግረን ጭሱ የሚታይበት ሰዓት ነው። መኪናው አድሮ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘይቱ ሌሊቱን በቫልቮቹ ጎማ በኩል እየተንጠባጠበ አድሯል። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር የሚጨምር ከሆነ ደግሞ የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል፣ ወይም ቱርቦው ዘይት ያስተላልፋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን በጥንቃቄ ላላ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከውስጥ እንደ ምድጃ እየገፋ የሚወጣ ጭስ ካለ ፋሻው መድከሙን ያመለክታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ ተመልከቱ፤ ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም ያጨሳል።

ቱርቦው ዘይት የሚያስተላልፍ መኪናን ችላ ማለት አደገኛ ነው። የናፍታ ሞተር ዘይትንም እንደ ነዳጅ አድርጎ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ዘይቱ በብዛት ከገባ ሞተሩ በራሱ እየጮኸ ይፈተለካል፤ ቁልፉን ብታጠፉትም አይቆምም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በእጅ ማርሽ የሚሠራ መኪና ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ከፍተኛው ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ታፍኖ ይጠፋል። ያን ጊዜ እጅን ወደ ሞተሩ መስደድ አይገባም።

ነጭ ጭስ (አሻን ላቫን) ሰውን የሚያሳስተው ሁለት መልክ ስላለው ነው። በቀዝቃዛ ማለዳ ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ የሚጠፋ ስስ እንፋሎት ምንም አይደለም። ነጩ ጭስ ወፍራም ሆኖ ዓይን የሚያቃጥልና የናፍታ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ናፍታው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ይህ ጠዋት ጠዋት ብቻ ሆኖ ሞተሩ ሲሞቅ የሚሻለው ከሆነ፣ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ (ፕላጊም ሂሙም) አንዱ ወይም ሁለቱ ሞተው ይሆናል። እነዚህ የመቀጣጠያውን ክፍል ከመነሳቱ በፊት የሚያግሉ ትንንሽ ዘንጎች ሲሆኑ፣ በሜትር መፈተሽ ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጩ የሚቀጥል፣ ሽታው ጣፈጥ የሚል፣ የራዲያተሩም ውኃ ያለ ምክንያት የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (አቴም ሮሽ) ተበልቶ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በዘይቱ ክዳን ሥር እንደ ወተት የነጣ አረፋ ካያችሁ ጥርጣሬው ይበረታል። በዚህ ጊዜ መኪናውን መንዳት አቁሙ። «ለዛሬ ብቻ ልሥራበት» ብሎ የነዳ ሰው ሞተሩን ከነቴስታታው ሊያጣ ይችላል። የጋለ ራዲያተርም እንዳይከፈት፤ የሚፈነዳው ውኃ ፊት ያቃጥላል።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ እንመለስ። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር የአገራችን ሜካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል፤ በዕብራይስጥ ሲቡቬይ ስራክ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አንዱ በደንብ ሳያቃጥል ሲቀር እንደ አነከሰ በቅሎ ይሆናል። ለመሆኑ የሚያነክሰው ሁልጊዜ ነው ወይስ ጠዋት ብቻ? ሁልጊዜ ከሆነ ማዝሬክ ወይም ጭመቃ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ብቻ ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላውን አስቡ። አድሮ ለመነሳት ረጅም ጊዜ የሚወስድበት፣ ተነስቶም የሚንተባተብና የሚጠፋ ከሆነ፣ በናፍታው መስመር ውስጥ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል፤ በደረቀ ቱቦ ወይም ባልጠበቀ ፊልተር በኩል። የናፍታው ፊልተር (ማስነን ሶላር) ከሥሩ ውኃ የሚለቀቅበት ቡሽ ያለው ሲሆን ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ጭስ ሳይኖር መንቀጥቀጥ ብቻ ካለ ደግሞ ሞተሩ ደህና ሆኖ የተሸከመው ጎማ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

የቀድሞ ሜካኒኮች የታመመውን ሲሊንደር የሚለዩት ሞተሩ እየሠራ የማዝሬኩን ቱቦ ተራ በተራ በማላላት ነበር። ሲላላ ድምፁ ያልተለወጠው ሲሊንደር በሽተኛው ነው። ይህ የሚሠራው በአሮጌው ዓይነት ፓምፕ ብቻ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ኮመን ሬል የሚባለው ሥርዓት በቱቦው ውስጥ ከ1,000 ባር በላይ ግፊት አለው፤ የመኪና ጎማ ግፊት ሁለት ሦስት ባር መሆኑን ብታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል። እንዲህ ያለውን ቱቦ ያላላ ሰው ናፍታው ቆዳውን ወግቶ ሥጋው ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም እጅ እስከማጣት ያደርሳል። እንዲህ ያለ መኪና በኮምፒዩተር ነው የሚመረመረው፤ ምርመራው ክፍያ ቢኖረውም ክፍል በግምት ከመቀየር ይረክሳል።

ስለ ቴስትም አንድ ነገር ልበል። በማኾን ሪሹይ የናፍታ መኪና ጭስ የሚለካው ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ የጭሱ ጥቁረት በመሣሪያ እየታየ ነው። ስለዚህ ሞተሩን በሚገባ አሙቃችሁ ሂዱ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ከሙቁ ይበልጥ ያጨሳል። ዘይቱም የቆየ አይሁን። ጭሱ ለአንድ ቀን እንዲቀንስ የሚያደርግ ዱቄትና ፈሳሽ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ ገንዘብ ማጣሪያ መግዛት ይሻላል። ሥራችሁ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስዳችሁ ከሆነም፣ ከ2018 ጀምሮ መጀመሪያ ሐይፋ ከዚያም ኢየሩሳሌም የቆዩ የናፍታ መኪናዎች ያለ ጥላሸት ማጣሪያ የማይገቡባቸውን ቀጠናዎች መከለላቸውን አስታውሱ። ከመሄዳችሁ በፊት ደንቡን ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቁ።

እናቶችም ይህን አንብቡ። ተንደሩን ጠዋት ለማሞቅ ብሎ በምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ወይም በልጆች መኝታ መስኮት ሥር ማስነሳት ልማድ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍታ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መድቦታል። ሞተሩ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ ቆሞ መሞቅ አያስፈልገውም፤ ቀስ ብሎ እየተነዳ ይሞቃል።

አሁን ወደ ሙሳኽ እንሂድ፤ ልጃችሁን ሳታስከትሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ሦስት ቀን ተንደሩን ተመልከቱና በወረቀት ላይ ጻፉ። ቀለሙ ምንድን ነው? ጠዋት ነው ወይስ ሲሞቅ? ቆሞ ነው ወይስ ሲረገጥ? ዘይትና ውኃ ይጎድላል ወይ? መጨረሻ ፊልተር የተቀየረው መቼ ነው? ከዚያ የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ተለማመዱ። «ዬሽ አሻን ሻሖር ክሼአኒ ሎሔጽ አል ሃጋዝ» ማለት ነዳጅ ስረግጥ ጥቁር ጭስ አለ ማለት ነው። «ባቦኬር፣ ክሼሃማኖአ ካር፣ ዬሽ አሻን ላቫን» ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነጭ ጭስ አለ ነው። «ሃማኖአ ሮኤድ ባራምዞር» ሞተሩ መብራት ላይ ይንቀጠቀጣል ነው። ለሰማያዊው ሻሖርን በካሖል መተካት ብቻ ይበቃል።

ሙሳኹ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን ግድግዳው ላይ ፈልጉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚሠራና ዋጋው ስንት እንደሆነ በሥራ ካርዱ (ካርቲስ አቮዳ) ላይ ይጻፍላችሁ፤ ያልገባችሁን አትፈርሙ። «መጀመሪያ መርምሩልኝ፤ ሳትደውሉልኝ ምንም አትቀይሩ» ማለት ስድብ አይደለም፤ ሜካኒኩም አይቀየምም። ብዙዎቻችን ባለሙያን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠርብናል ብለን ስለምንፈራ ዝም እንላለን፤ ዝምታችን ግን እዚህ አገር «ይሥሩልኝ» ማለት ሆኖ ይተረጎማል። የተቀየረውን አሮጌ ክፍልም ጠይቁ፤ «አኒ ሮጼ ለካቤል ኤት ሃሓላኪም ሃየሻኒም» በሉ።

ፋሻው ያለቀ ወይም ቴስታታው የተሰነጠቀ መሆኑ ከተረጋገጠ ሒሳቡ ሌላ ነው። የጥገናው ዋጋ ከተንደሩ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ፣ ብድር ከመፈረማችሁ በፊት የሁለተኛ ሙሳኽ ዋጋ በጽሑፍ ይዛችሁ፣ ከወር ገቢያችሁ ወረቀት ጋር ወደ ሰፈራችሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ኑ። ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን። ከተፈረመ በኋላ ከመጣችሁ ግን የሚቀረን ክፍያውን ስለ ማራዘም መነጋገር ብቻ ነው።